የዓሣ ነባሪ ስብ እንደ ታሪክ ሰነድ፦ በባሕር አጥቢ እንስሳት አካል ውስጥ መርዛማ ኬሚካሎች የተለዩበት ታሪክ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ አርሜዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ተማሪዬ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «መምህር፣ ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ዓሣ ነባሪ ምን አገባን?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም የታሪክ መምህር እንጂ የባሕር እንስሳት ሊቅ አይደለሁም። ሆኖም የታሪክ ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይህን እንዴት አወቅን? ማስረጃውስ የት ተቀመጠ?» የሚል ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ማስረጃው በወረቀት ላይ ሳይሆን በእንስሳት ስብ፣ በወፍ ላባና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ስለተገኘበት ታሪክ ነው። ነገሩ እኛንም እንደሚነካ በመጨረሻ አሳያለሁ።

ከራሴ ልጅነት ልጀምር። የተወለድኩት ከጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በደንቢያ ነው። ወባ የሚበረታበት አገር ነው። ክረምቱ ሲያልቅ የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች የርጭት መሣሪያቸውን በጀርባቸው አዝለው ይመጡ ነበር። «እትዬ፣ ዕቃውን ያውጡልን» ይሏታል እናቴን። መሶቡ፣ ገንቦው፣ የእህል ከረጢቱ ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል፤ እኛ ልጆች ከዛፍ ሥር ተቀምጠን እንጠብቃለን። ሲጨርሱ ግድግዳው በነጭ ቅሪት ተለብጦ ይቆያል፤ ሽታውም ከቤት አይወጣም። እናቴ ግን ትመርቃቸው ነበር። ምክንያት ነበራት፤ በ1958 በአገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። በዚያ ዘመን ከቤተሰቡ ሰው ያልቀበረ በአካባቢያችን ጥቂት ነበር።

ያ ነጭ ቅሪት ዲዲቲ ነው። መጀመሪያ በቤተ ሙከራ የተሠራው በ1874 ሲሆን፣ ነፍሳትን እንደሚገድል ያወቀው የስዊዘርላንዱ ኬሚስት ፓውል ሙለር በ1939 ነበር። ለዚሁ ግኝቱ በ1948 የሕክምና የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የምናየውን ጉዳት የክፉ ሰዎች ተንኮል ብቻ አድርገን እንዳንረዳው ነው። ሕይወት ያተረፈና ሕይወት የጎዳ አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ባሕሩ እንሂድ። ዲዲቲና መሰሎቹ ሦስት ጠባያት አሏቸው። አንደኛ፣ በፀሐይ፣ በውኃና በተሕዋስያን በቀላሉ አይፈርሱም። ሁለተኛ፣ በውኃ ውስጥ በጣም ጥቂት ብቻ ሲሟሙ በስብ ውስጥ ግን እንደ ልብ ይሟሟሉ። ሦስተኛ፣ ሞቃት በሆነ ስፍራ ተንነው በነፋስ ይጓዛሉ፤ በቀዝቃዛ ስፍራ ይወርዳሉ። ስለዚህ በእርሻ ወይም በፋብሪካ የተጣሉት ወደ ባሕር ይደርሳሉ፤ በባሕር ውስጥም ኢምንት የሆኑ ፍጥረታት ይቀበሏቸዋል፤ እነዚያን ትንሽ ዓሣ ይበላቸዋል፤ ትንሹን ትልቁ ይበላዋል። በየደረጃው የመርዙ መጠን ይጨምራል። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ የሚገኙት ጥርስ ያላቸው ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች ናቸው። ዕድሜያቸው ረጅም ነው፤ ከቆዳቸው ሥር ወፍራም የስብ ንጣፍ አላቸው፤ እነዚህን ኬሚካሎች ሰብሮ የማስወገድ የጉበታቸው ችሎታም ከብዙ የየብስ አጥቢዎች ያነሰ ነው። በመሆኑም አካላቸው ባሕሩ የተቀበለውን ሁሉ የሚያከማች መዝገብ ሆነ።

ይሁን እንጂ መዝገብ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ማንበቢያ ያስፈልጋል። ማንበቢያው የተገኘው በ1950ዎቹ ነው። በ1952 እንግሊዛውያኑ ጄምስና ማርቲን የጋዝ ክሮማቶግራፊን ዘዴ አስተዋወቁ፤ ይህም የተቀላቀሉ ንጥረ ነገሮችን በረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ በጋዝ እያስነዳ አንዱን ከሌላው የሚለይ ስልት ነው። በ1957 ደግሞ ጄምስ ላቭሎክ ክሎሪን ያለባቸውን ንጥረ ነገሮች እጅግ በጥቂቱም ቢሆን የሚለይ መሣሪያ ሠራ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በወረቀት ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ከፍ የሚል መስመር ሆኖ ይታያል። ሬቸል ካርሰን በ1962 ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒቶች አደጋ የጻፈችው መጽሐፍ በዓለም ሲነበብ፣ ኬሚስቶች ይህን መሣሪያ በእጃቸው ይዘው ነበር።

ከእነርሱ አንዱ የስዊድኑ ሶረን የንሰን ነው። በ1964 በስቶክሆልም የዲዲቲን መጠን በአሣና በአሞራ አካል ውስጥ ሊለካ ሥራ ጀመረ። በውጤቱ ወረቀት ላይ ግን ከዲዲቲ አጠገብ ማንም የማያውቃቸው ተጨማሪ ጫፎች ደጋግመው ታዩት። ሌላ ሰው ቢሆን የመሣሪያው ጉድለት ነው ብሎ ሊያልፋቸው ይችል ነበር። የንሰን አላለፈም። ናሙናውን በትኩስ የሰልፈር አሲድ ቢያፈላው እንኳ ነገሩ አልፈርስ አለ። ቀጥሎ ያደረገው ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነው፤ ወደ ሙዚየም ሄደ። ከብዙ አሥርተ ዓመታት በፊት ተሰብስበው የተቀመጡ የንስር ላባዎችን መረመረ። እንግዳው ነገር በ1940ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ላባ ውስጥ ይገኝ ነበር። ያ ጊዜ ደግሞ ዲዲቲ በስዊድን ገና በስፋት ሥራ ላይ ያልዋለበት ነው። እንግዲያው ምንጩ ፀረ ተባይ ሊሆን አይችልም፤ የፋብሪካ ምርት መሆን አለበት።

ሁለት ዓመት ከፈጀ ምርመራ በኋላ፣ በ1966፣ ስሙ ታወቀ፤ ፖሊክሎሪኔትድ ባይፊኒል፣ ባጭሩ ፒሲቢ። ከ1929 ጀምሮ በአሜሪካ ለንግድ ይመረት የነበረ፣ እሳት የማይዘው፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘይት ነው። በትራንስፎርመር፣ በካፓሲተር፣ በቀለም፣ በግንብ መጋጠሚያ ማሸጊያ ውስጥ ይገባ ነበር። ማንም ሆን ብሎ ወደ ዱር አልረጨውም፤ ነገር ግን በንስሩ ውስጥ ተገኘ። የንሰን በገዛ ሚስቱና በሕፃን ልጁ ፀጉር ውስጥም አገኘው። አስቡት፤ ያቺ ሕፃን ከምግብ በቀር ከእናቷ ጡት የተቀበለችው ይህን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ፍለጋው ወደ ባሕር አጥቢዎች ዞረ። በ1967 ሆልደንና ማርስደን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአቆስጣዎችና ፖርፖይዝ በሚባሉት ትናንሽ የዶልፊን ዘመዶች ስብ ውስጥ የዲዲቲን ቤተሰብ ቅሪት ማግኘታቸውን በታወቀ የሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። የአሠራሩን ደረጃ ባጭሩ ልግለጽ፤ ምክንያቱም የማስረጃው ብርታት ከዚሁ ይመነጫል። ከሞተው እንስሳ ስብ ይቆረጣል፤ በንጹሕ ብርጭቆ ወይም በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ ጾታውና የሰውነቱ ርዝመት ተጽፎበት በበረዶ ይቀመጣል። በቤተ ሙከራ ስቡ በፈሳሽ ተነጥሎ ይወጣል፣ በአሲድ ይጠራል፣ በመጨረሻ በክሮማቶግራፊው ይነበባል። ፒሲቢ አንድ ነገር አይደለም፤ 209 ዓይነት አለው፤ እያንዳንዱን ለመለየት አሥርተ ዓመታት ወስዷል። ዕድሜና ጾታ ካልተጻፈ ደግሞ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። የዚህን ምክንያት ያስተማሩን ጃፓናውያን ናቸው።

በኤሂሜ ዩኒቨርሲቲ ሪዮ ታትሱካዋና ሺንሱኬ ታናቤ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ የሚገኙትን ባለ መስመር ዶልፊኖች ሲመረምሩ፣ ወንዱ ዕድሜው በገፋ ቁጥር የመርዙ ክምችት እንደሚጨምር፣ ለአቅመ ሔዋን በደረሰችው እንስት ግን እንደሚቀንስ አስተዋሉ። ወዴት ሄደ? በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሟቸው ጥናቶች መልሱ ተሰጠ፤ በማኅፀን በኩል ጥቂቱ፣ በጡት ወተት በኩል አብዛኛው ወደ ግልገሏ ይተላለፋል። የዶልፊን ወተት እጅግ ስባም ነው፤ ስቡም ለዓመታት ያከማቸችውን ይዞ ይወጣል። ከሁሉ የበለጠውን የሚቀበለው የበኩር ልጅ ነው። እናት ሸክሟን የምታራግፈው በምታጠባው ልጅ ላይ ሆነ ማለት ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ለተማሪዎቼ ባነበብኩ ቁጥር በክፍሉ ውስጥ ዝምታ ይወድቃል።

አሁን ወደ ካናዳ እንሻገር። በሴንት ሎውረንስ ወንዝ አፍ ቤሉጋ የሚባሉ ነጫጭ ዓሣ ነባሪዎች ይኖራሉ። በአደን ብዛት ከሺዎች ወደ መቶዎች ወርደው ስለነበር በ1979 አደኑ ተከለከለ። ቁጥራቸው ግን እንደታሰበው አላገገመም። በ1982 የሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ፒየር ቤላንድና የእንስሳት ሐኪሙ ዳንኤል ማርቲኖ በዳርቻው ላይ ሞቶ የተገኘ ቤሉጋ መረመሩ። ከዚያ በኋላ ሬሳ ተገኘ በተባለ ቁጥር እየሄዱ መሰብሰብ ጀመሩ። አንዳንዶቹ በአንድ ኪሎ ግራም ስብ ከ50 ሚሊግራም በላይ ፒሲቢ ተገኘባቸው። በካናዳ ሕግ ይህን ያህል ፒሲቢ የያዘ ዕቃ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ይቆጠራል። የሞተው እንስሳ በሕጉ ሚዛን ራሱ መርዛማ ቆሻሻ ሆኖ ተገኘ።

የባሰም ነበር። በ2002 የታተመው ማጠቃለያ እንደሚያሳየው ከ1983 እስከ 1999 ከተመረመሩት 129 ቤሉጋዎች መካከል፣ ሞተው ከተገኙት አዋቂዎች 27 በመቶው ካንሰር ነበረባቸው። በዱር እንስሳት ዘንድ ይህ እጅግ ያልተለመደ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ተመራማሪዎቹ ካንሰሩን በዋናነት ያያያዙት ከፒሲቢ ጋር ሳይሆን፣ በአካባቢው ከነበሩ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ፋብሪካዎች ከሚወጣ የጥላሸት ዓይነት ውሁድ ጋር ነው። መርዙ ተገኘ ማለት ገዳዩ ታወቀ ማለት አይደለም። በ1990 በሜዲትራኒያን ባሕር በባለ መስመር ዶልፊኖች ላይ እልቂት ሲደርስ የገደላቸው ቫይረስ ነበር፤ ሆኖም የሞቱት በስባቸው ውስጥ እጅግ ብዙ ፒሲቢ ነበረባቸው። ፒሲቢው የበሽታ መከላከያቸውን አዳክሞ ይሆን? ወይስ ታመው ሲከሱ ስባቸው ቀንሶ የመርዙ መጠን በአንጻሩ ከፍ አለ? ሁለቱም አስተያየት ቀርቧል፤ ክርክሩም በቀላሉ አልተዘጋም። ጥሩ ሳይንስም ሆነ ጥሩ ታሪክ እንዲህ ባለው ስፍራ ፍርድ አይቸኩልም።

ስለ እንስሳቱ ብቻ እየተናገርኩ እንዳይመስላችሁ። በ1980ዎቹ ማብቂያ የካናዳው ሐኪም ኤሪክ ደዋዪ በሰሜን ኩቤክ የሚኖሩ የኢኑይት እናቶችን የጡት ወተት አስመረመረ። ከፋብሪካ እጅግ የራቁ ስለሆኑ ንጹሕ ይሆናል ተብሎ ተገምቶ ነበር። የተገኘው ፒሲቢ ግን በደቡብ ኩቤክ ካሉት እናቶች አምስት እጥፍ ያህል ነበር፤ የቤሉጋና የአቆስጣ ስብ የዕለት ምግባቸው ነውና። በፋሮ ደሴቶችም የዓሣ ነባሪ አደን ከ1584 ጀምሮ በመዝገብ የተያዘ ጥንታዊ ልማድ ነው። በዚያ ፓል ቫይሄና ፊሊፕ ግራንዣን በ1986 እና በ1987 ከተወለዱ ከ1,000 በላይ ልጆች ጋር ለዓመታት ቆዩ። በሥጋው ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ በእናቶቻቸው በኩል ደርሶባቸው፣ በትኩረት፣ በቋንቋና በማስታወስ ችሎታቸው ላይ ተጽዕኖ ማሳደሩን አሳዩ። በ2008 ቫይሄና የደሴቶቹ ዋና የጤና ኃላፊ የዓሣ ነባሪ ሥጋና ስብ ለሰው ምግብነት እንዳይውል መከሩ። ቫይሄ የዚያው አገር ልጅ ነው። አያቶቹ የኖሩበትን ገበታ ወገኖቹ እንዲተዉ መንገር ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የራሱ የሆነ ገበታ ያለው ሁሉ ይረዳዋል። ልብ በሉ፤ መርዙን የሠሩት እነርሱ አልነበሩም።

ይህ ሁሉ ማስረጃ በ2001 ለተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት መሠረት ከሆኑት አንዱ ነው። ስምምነቱ በ2004 ሥራ ላይ ሲውል 12 ኬሚካሎችን ይዞ ነበር፤ ዲዲቲና ፒሲቢ ይገኙባቸዋል። ዲዲቲ ለወባ መከላከል ብቻ በልዩ ሁኔታ ተፈቀደ። አገራችንም ስምምነቱን ካጸደቁት ናት።

ስምምነት ግን ያለፈውን አይሽርም። በ2016 በስኮትላንድ ታይሪ ደሴት ላይ ሉሉ የተባለች ኦርካ ሞታ ተገኘች፤ የሞተችው በዓሣ ማጥመጃ ገመድ ተጠልፋ ነው። ስቧ ሲመረመር በኪሎ ግራም 957 ሚሊግራም ፒሲቢ ተገኘ። በባሕር አጥቢዎች ላይ ጉዳት ይጀምርበታል ተብሎ የሚገመተው መጠን 9 ሚሊግራም ያህል ነው። ዕድሜዋ ቢያንስ 20 ዓመት ነበር፤ እንቁላል እጢዋ ሲታይ ግን ወልዳ አታውቅም። በብሪታንያ ፒሲቢ ከታገደ ከሦስት አሥርተ ዓመታት በላይ አልፎ ነበር።

ሌላም አለ። በ2007 በካሊፎርኒያ ዳርቻ በመርከብ ተገጭቶ የሞተ የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ የጆሮ ኩክ ተወስዶ ተቀመጠ። ዓሣ ነባሪ ኩኩን አያወጣም፤ በየስድስት ወሩ እንደ ዛፍ ቀለበት እየተነባበረ ያድጋል። ተመራማሪዎች ንብርብሩን አንድ በአንድ ለይተው ውጤቱን በ2013 አሳተሙ። የእንስሳው የሕይወት ታሪክ በዚያ ተነበበ፤ የጭንቀቱ ሆርሞን፣ ለአቅመ አዳም የደረሰበት ጊዜ፣ የዲዲቲ ቅሪት። ከፍ ያለ የመርዝ መጠን የታየው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት፣ ማለትም እናቱን በሚጠባበት ጊዜ ነበር። ጃፓናውያኑ ከሠላሳ ዓመት በፊት ያሉትን ኩኩ መሰከረ።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። እኛን ምን አገባን?

ባሕር ባይኖረንም ሐይቅ አለን፤ የምግብ ሰንሰለትም አለን። ዲዲቲ ለአሥርተ ዓመታት በቤታችን ግድግዳ ላይ ተረጭቷል፤ በአዳሚ ቱሉ ፋብሪካም ይዘጋጅ ነበር። የወባ ትንኝ ስለተላመደው በሌላ መድኃኒት ተተካ። ለወባ ተብሎ የመጣው ግን በግድግዳ ላይ ብቻ አልቀረም፤ ለትኋንና ለቁንጫ፣ ለነቀዝ፣ አልፎ ተርፎም ለጫት ማሳ መዋሉን ሁላችንም እናውቃለን። በሐዋሳ፣ በዝዋይና በቆቃ ሐይቆች ዓሦች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የዲዲቲን ቤተሰብ ቅሪት አግኝተዋል። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ የተደረገ ጥናት ደግሞ በእናቶች ጡት ወተትና በላም ወተት ውስጥ አግኝቶታል። የባለ መስመሯ ዶልፊን ታሪክ የእኛም ታሪክ ነው ማለት ነው። በፒሲቢ ረገድም በየመጋዘኑ የቆሙ አሮጌ ትራንስፎርመሮች ጉዳይ አለ፤ ስምምነቱ ከ2025 በኋላ በሥራ ላይ እንዳይቆዩ፣ ዘይታቸውም እስከ 2028 በአግባቡ እንዲወገድ ይላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። የንሰን እውነቱን ያገኘው የሙዚየም ሠራተኞች ምን እንደሚጠቅም ሳያውቁ ላባ ስላስቀመጡለት ነው። ኤሂሜ ዩኒቨርሲቲም ናሙናዎችን በበረዶ የሚያስቀምጥ ባንክ አለው፤ ዛሬ ያልታወቀ መርዝ ነገ ሲታወቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ለመፈተሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ የሐይቆቻችንን የመርዝ ታሪክ ልጽፍ አስቤ፣ ቀደም ባሉ ዓመታት የተሰበሰቡ የዓሣ ናሙናዎች ነበሩት ወደተባለ አንድ ቤተ ሙከራ ሄድኩ። ኃላፊው በትሕትና ተቀብሎ ወደ ጓዳው ወሰደኝ። ማቀዝቀዣው ቆሟል፤ መብራት ተቋርጦ ናሙናዎቹ ስለተበላሹ ተጥለዋል። የቀረው አንድ ደብተር ነበር፤ እርሱም ቀን እንጂ ቦታ አልተጻፈበትም። ማንንም ለመውቀስ አልናገረውም፤ በጀትና መብራት እንዴት እንደሆነ እናውቃለን። ነገር ግን የዚያን ዘመን ሐይቅ መልሶ ሊመሰክርልን የሚችል ነገር አልቀረም። አንድ የብራና መጽሐፍ ቢቃጠል እናለቅሳለን፤ ለዚያ ማቀዝቀዣ ያለቀሰለት አልነበረም።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ላላችሁ የሥነ ሕይወትና የኬሚስትሪ ተማሪዎች የምለምናችሁ ቀላል ነገር ነው። ናሙና ስትወስዱ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጾታውንና መጠኑን ጻፉ። ሁሉንም ለሙከራ አትጨርሱት፤ ጥቂቱን አስቀምጡ። በውጤት ወረቀታችሁ ላይ የማታውቁት ጫፍ ሲታያችሁ አትሰርዙት። የፋኩልቲያችን አመራርም ዩኒቨርሲቲው የናሙና ማከማቻ፣ ከነመጠባበቂያ ጄኔሬተሩ፣ እንዲኖረው ያቀረብነውን ጥያቄ እንዲገፋበት በዚህ አጋጣሚ አሳስባለሁ።

እናቴ አሁን አርጅታለች። ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ስልክ ደውዬ ስለ ርጭቱ ጠየቅኋት። ታሪኩን ባጭሩ ስነግራት፣ «ታዲያ ያኔ የመረቅኋቸው በመርዝ ነበር?» አለችኝ። እንዲህ አልኋት፤ «እማዬ፣ ከወባ አትርፈውናል፤ ምርቃቱ አይመለስም። ያልነገሩን ግን ነበር፤ እነርሱም አልተነገራቸውም።» ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንግዲያስ አንተ ንገራቸው» አለች። እነሆ ነገርኋችሁ።